ጥያቄው ከግዢው በፊት ይነሣ
ኮንጋ ላይ ለቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮችና አባላት የቀረበ ዲስኩር

«የቦርድ አባል እንዴት ውጤታማ ይሆናል?» የሚለው ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አዲስ አበባ ውስጥ፣ የባንክና የኢንሹራንስ ባለአክሲዮኖች በሚሰበሰቡባቸው አዳራሾች ነው። እዚህ ኮንጋ ላይ መነሣቱ ግን ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። የዚህ ቀበሌ ስም ከይርጋ ጨፌ ስም ጋር ተያይዞ ባሕር ማዶ በቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ያንን ስም የሚሸከመው ቡና በስንት ይገዛ፣ በምን ብድር ይገዛ፣ መቼ ይሸጥ የሚለውን የሚወስኑት ደግሞ ቀን ማሳቸው ላይ ውለው ማታ ለስብሰባ የሚቀመጡ ገበሬዎች ናቸው። በመሠረታዊ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ ይባል፣ ማኅበራቱ በጋራ ባቋቋሙት ዩኒየን ቦርድ ይባል፣ ኃላፊነቱ አንድ ነው፦ የብዙ ሰው ገንዘብና ላብ ባለበት ነገር ላይ በእነሱ ስም መወሰን።

ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። የቦርድ አባል ዋና ሥራው መጠየቅ ነው፤ ጥያቄው የሚጠቅመውም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ሲነሣ ነው። ከግዢው በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ጥፋተኛ ይፈልግ ይሆናል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። በመጀመሪያ ጊዜው ለምን ይህን ያህል እንደሚወስን አሳያለሁ። ቀጥዬ የቦርዱ ሥራ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ እናገራለሁ። በመጨረሻ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ከአዳራሹ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ቀላል ተቃውሞዎች አይደሉምና።

ወደ ጊዜው ከመግባቴ በፊት የተቀመጣችሁበት ወንበር ከየት እንደመጣ ላስታውስ። በደርግ ዘመን የነበሩት የገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊቀ መንበር ነበራቸው፣ ኮሚቴ ነበራቸው፣ ማኅተምም ነበራቸው። ዋጋው ግን ከላይ ተቆርጦ ይመጣ ነበር፤ ኮታውም እንዲሁ። ኮሚቴው የሚያስፈጽም እንጂ የሚወስን አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየአካባቢው ብዙዎቹ ማኅበራት ተዘረፉ፣ ፈረሱ፤ አባላቱም «የእኔ ነው» ብለው አልቆሙላቸውም፤ የራሳቸው እንደሆነ ተሰምቷቸው አያውቅምና። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራቱን በአባላት ፈቃድ ላይ እንደገና አቆማቸው፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። በሕጉ መሠረት የማኅበሩ የመጨረሻ ሥልጣን የጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አንድ አባል ብዙ ዕጣም ይኑረው ጥቂት፣ ያለው ድምፅ አንድ ነው። በ1994 ዓ.ም. የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና አብዛኛው ቡና በዚያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግም ዩኒየኖች በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ መብታቸው ተጠብቆላቸው ነበር። ይህ ትልቅ ድል ነው። ከድሉ ጋር ግን አንድ ነገር አብሮ መጥቷል፦ የዋጋው፣ የብድሩና የጥራቱ ስጋት ከመንግሥት ትከሻ ወርዶ ኮሚቴው ትከሻ ላይ አርፏል። ዛሬ ኮሚቴው ቢሳሳት የሚከፍለው አባሉ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። በዚህ አካባቢ እሸት ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። የማኅበሩ የዓመት ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ነው፤ በእነዚህ ሳምንታት ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የለም። ለቅሞ የመጣ ገበሬ ከሚዛኑ ፊት ወረፋ ይዟል፣ እሸቱ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት፣ ማብላያው ገንዳ ሞልቷል፣ የማድረቂያው አልጋ ተጨናንቋል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የግል ነጋዴ ጠዋት ላይ ዋጋ ጨምሯል። እዚህ ውስጥ ሆኖ «ስንት እንግዛ?» ብሎ መሰብሰብ ከወንዝ መሀል ገብቶ ዋና መማር ነው። ስለዚህ ስብሰባው በነሐሴ ወይም በመስከረም መጀመሪያ፣ ብድሩ ሳይፈረም መሆን አለበት። ጥያቄዎቹም የታወቁ ናቸው። ባለፈው ዓመት ስንት ኪሎ እሸት ገዝተን ስንት ኪሎ የተዘጋጀ ቡና አወጣን? አንድ ኪሎ ላይ አንድ ብር ብንጨምር በጠቅላላው ስንት ይሆናል? ቡናው በታሰበው ጊዜ ባይሸጥ የባንኩ ወለድ በየወሩ ስንት ይበላል? ነጋዴው ዋጋ ሲሰቅል የት ድረስ እንከተለዋለን፣ የት ላይ እናቆማለን?

በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሩ ለማስላት እንዲመች የወሰድኩት ነው። አንድ ማኅበር በወቅቱ 3,000 ኩንታል ማለትም 300,000 ኪሎ እሸት ገዛ እንበል። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ቢሰጥ 50,000 ኪሎ ይገኛል። ያልበሰለ እሸት ከቀዩ ተቀላቅሎ ስለተገዛ፣ ወይም ሚዛኑ ስለተዛባ፣ ለአንድ ኪሎ የሚያስፈልገው እሸት ስድስት ተኩል ሆነ እንበል። የሚገኘው ቡና ወደ 46,150 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ባለ 60 ኪሎ ከረጢት 64 ነው። 64 ከረጢት ይርጋ ጨፌ፤ ማንም በር ሰብሮ አልወሰደውም፣ ማንም ሌባ ተብሎ አልተያዘም፤ በግማሽ ኪሎ ልዩነት ብቻ ጠፋ። ዋጋው ላይ በፉክክር የተጨመረ አንድ ብር ደግሞ 300,000 ብር ነው። 20 ሚሊዮን ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ የተበደረ ማኅበር ሽያጩ በአንድ ወር ቢዘገይበት 250,000 ብር ይከፍላል። እነዚህን ሦስት ስሌቶች ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ማባዛትና ማካፈል በቂ ነው። የሚያስፈልገው ቁጥሩን የመጠየቅ ልማድ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሥራው ጥሩ እየሄደ ነው፣ ችግር የለም» ብሎ በቃል ሪፖርት ሲያቀርብ ውጤታማ የሆነ የኮሚቴ አባል «እሺ፣ በየሳምንቱ የገዛነው እሸትና ከአልጋ የወረደው ቡና ስንት ስንት ነው? በወረቀት ይምጣልን» ይላል። ይህ ክስ አይደለም። ጥሩ ሥራ አስኪያጅ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ሥራው ይታይለታልና።

ይህ የገጠር ችግር፣ የትንሽ ማኅበር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የውጭ ምሳሌ ልጨምር። እንግሊዝ የዘመናዊው ኅብረት ሥራ መነሻ አገር ናት፤ የሮችዴል ሸማኔዎች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ንቅናቄ የተወለደው ኮኦፕሬቲቭ ባንክ ከ140 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ የካፒታል ጉድለት ተገኘበት። ከችግሩ መነሻዎች ዋናው ባንኩ በ2009 እ.ኤ.አ. ብሪታኒያ የተባለ ሌላ የቁጠባና የቤት ብድር ተቋም ከራሱ ጋር ሲያዋህድ አብሮ የወረሰው የተበላሸ ብድር ነበር። የቦርዱ የቀድሞ ሰብሳቢ ፖል ፍላወርስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ በንቅናቄው ውስጥ ደረጃ በደረጃ ተመርጦ የወጣ ሰው ነበር። በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የባንኩ ጠቅላላ ሀብት ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ 3 ቢሊዮን ፓውንድ ብሎ መለሰ። ትክክለኛው 47 ቢሊዮን ነበር። ከዚያም የባንኩ ብዙ ድርሻ ወደ ኢንቨስትመንት ፈንዶች ተዛወረ፤ ባለቤቱ የነበረው የኅብረት ሥራ ቡድን 30 በመቶ ብቻ ቀረው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሰውየው ወደዚያ ወንበር የደረሰው ደረጃ በደረጃ ተመርጦ ነው። በቦርዱ ውስጥ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፣ አማካሪዎች ነበሩ፣ ኦዲተሮችም ነበሩ። የታጣው «የምንገዛው ተቋም ብድሮች ውስጥ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከመፈረሙ በፊት መልስ እስኪያገኝ ድረስ ያልለቀቀ ሰው ነው። መከበር ለመመረጥ ይበቃል፤ ለመምራት ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ነጥቤ ድንበር ነው። ብዙ ቦርድ የሚወድቀው ተኝቶ ነው፤ ጥቂት ያልሆነው ደግሞ የሥራ አስኪያጁን ሥራ ነጥቆ ነው። ሰብሳቢው ከጠዋት እስከ ማታ ሚዛኑ አጠገብ ከቆመ፣ የቀን ሠራተኛ እሱ ከቀጠረ፣ መኪና እሱ ከተከራየ፣ ነገ ሚዛኑ ቢዛባ ማን ይጠይቃል? ጠያቂው ራሱ ሠሪ ሆኗል። የቁጥጥር ኮሚቴ የተለየ አካል ሆኖ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሠራና የሚመረምር እጅ አንድ እንዳይሆን። የኮሚቴ አባል የእሸት ማጠቢያ ጣቢያውን መጎብኘት አለበት፤ ሄዶ አልጋው ላይ ያለውን ቡና ማየት፣ ተንሳፋፊው ፍሬ በደንብ መለየቱን ማየት፣ የገዢውን መዝገብ ከገበሬው ደረሰኝ ጋር ማስተያየት ይገባዋል። ያየውን ግን ለሥራ አስኪያጁና ለስብሰባው ያቀርባል እንጂ ሠራተኛውን እዚያው ቆሞ አያዝም። ሠራተኛ ሁለት አለቃ ሲኖረው አንዱንም አይሰማም።

ከድንበሩ ጋር የጥቅም ግጭት ጉዳይ አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ አገር ብዙ ማኅበር የሚታመምበት ቦታ ነውና። የማኅበሩ የኮሚቴ አባል ሆኖ በጎን ለግል ነጋዴ እሸት የሚሰበስብ ሰው ስብሰባ ላይ ስለ ዋጋ ሲናገር ለማን እየተናገረ ነው? ለማኅበሩ መኪና የሚያከራይ አባል የትራንስፖርት ዋጋ ሲወሰን እጁን ማንሣት አለበት? የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ጥቅሙ ያለበት ሰው ጉዳዩ ሳይጀመር «በዚህ ነገር ውስጥ እኔ ድርሻ አለኝ» ብሎ ይናገር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍለት፣ ከክፍሉም ይውጣ። ለተፎካካሪ ነጋዴ የሚሰበስብ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። «ሁሉም ዘመድ ነው፣ ሁሉም ጎረቤት ነው፣ እንዲህ ብንል ማን ይቀራል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከዝምድና የጸዳ ውሳኔ ማግኘት አይቻልም። የሚፈለገውም ዝምድናው እንዲጠፋ አይደለም፤ እንዲታይ ነው። የታወቀ ጥቅም ሰው ያመዛዝነዋል። የተደበቀ ጥቅም ግን ሲገለጥ ከሰውየው አልፎ የማኅበሩን ስም ያጎድፋል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ሒሳብ የሥራ አስኪያጁና የሒሳብ ሹሙ ነው» የሚል ነው። በትሕትና የሚነገር ቢሆንም አልቀበለውም። የትኛው እሸት ቀይ፣ የትኛው ገና እንደሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ ሒሳብ ሹም የለም። የዘንድሮ አበባ በዝናብ መርገፉን፣ ለቃሚ መወደዱን፣ የጎረቤት ማሳ ምን ያህል እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። ማኅበሩ «ዘንድሮ 3,000 ኩንታል እንገዛለን» ብሎ ሲያቅድ ዕቅዱ እውን መሆን አለመሆኑን ከባንኩ ባለሙያ ቀድሞ የሚያውቀው ገበሬው ነው። የሚጎድለው እውቀቱን በቁጥር ወደ ስብሰባው ማምጣት ነው፤ ለዚያ ደግሞ በየሥራ ዘመኑ መጀመሪያ ለአዲስ ተመራጮች የሒሳብ መግለጫ እንዴት እንደሚነበብ ማስተማር የማኅበሩ ግዴታ መሆን አለበት። ማንበብ የማይችል አባል ቢኖር እንኳ ተነቦለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ካልገባውም «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ማለት መብቱ ነው። አንድ ሰው ይህን ባለ ቁጥር ያልገባቸው ሌሎች ብዙዎች አብረው ይረዳሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ጥያቄ ሲበዛ ሰላም ይደፈርሳል፤ ታላቅን መጠየቅ ነውር ነው» ይባላል። መከባበር በእኛ ዘንድ ትልቅ ሀብት ነው፤ እንዲጠፋም አልሻም። ነገር ግን የዚህ አካባቢ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ላይ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ ጉዳዩን ሳይመረምሩ አይወስኑም፤ ባለጉዳዩንም ሳይሰሙ አይፈርዱም። መመርመር ታዲያ ንቀት የሚሆነው መቼ ነው? ነውሩ ያለው በአነጋገር እንጂ በጥያቄው አይደለም። «ጋሼ፣ ይህ ወጪ ከተፈቀደው በላይ የሆነበትን ምክንያት ቢያብራሩልን» ማለት ክብርን አይነካም። ክብርን የሚነካው ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ እጅ አውጥቶ ማጽደቅ፣ ከዚያ ቡና ላይ ተቀምጦ ማማት ነው። ጠይቆ ያልተስማማ አባልም ልዩነቱ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብለት። ለስድሳ ዓመታት ያህል የሠራው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችን በአክሲዮን ማኅበር ጥፋት የሌለበት ዳይሬክተር ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ካሳወቀ ከተጠያቂነት እንደሚድን ይደነግግ ነበር። ሕጉ የተጻፈው ለአክሲዮን ማኅበራት ነው፤ ሐሳቡ ግን ለእናንተም ይሠራል። ልዩነት የሚመዘገብበት ቦርድ ውስጥ ሰው የሚያኮርፍበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ቃሉ ጠፍቶ አልቀረምና።

ሦስተኛው «ኦዲት አለ፣ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ዩኒየኑም ያየናል» የሚል ነው። ኦዲት ያስፈልጋል፤ ሳይደረግ ዓመታት የሚያልፉበት ማኅበር አደጋ ላይ ነው። ነገር ግን ኦዲተር የሚመጣው ቡናው ከተሸጠ፣ ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። እነዚያ 64 ከረጢቶች በኦዲት ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ሆነው ይታያሉ፤ ተመልሰው ግን አልጋው ላይ አይሰጡም። አራተኛውን ተቃውሞ ግን በግማሽ እቀበለዋለሁ፦ «ደመወዝ የለንም፤ ማሳችንን ጥለን ስንት ቀን እንሰብሰብ?» እውነታችሁን ነው። ነጻ አገልግሎት በመልቀሚያ ወቅት ለገበሬ ውድ ነው፤ ያልተከፈለ ድካምም አንዳንዴ በሌላ መንገድ ክፍያውን ይፈልጋል። መፍትሔው አበሉን ጠቅላላ ጉባኤው በግልጽ፣ በሚታወቅ መጠን እንዲወስነው ማድረግ ነው። አባል ያጸደቀው አበል አያሳፍርም።

ስለ አባልነት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ጉድለት ያለበትን ፍሬ ከደህናው የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የዘንድሮው እሸት ምን ያህል ጥሬ እንደገባበት፣ የትኛው ቀን የተፈለፈለው እንደሚሸት አስቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ነገር ግን የአባልነት መዝገቡ በባል ስም ብቻ ሲሆን ይህ እውቀት ወደ ጉባኤው የሚገባበት በር የለውም። ሴቶችን ወደ ኮሚቴ ማምጣት ለቁጥር ማሟያ ከተደረገ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጥያቄውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ተብሎ ከተደረገ ግን ማኅበሩ የሚያተርፈው ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ዓመት ከግዢ በፊት መነሣት ያለበትን አንድ ጥያቄ አንሥቼ ላብቃ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ መሠረት ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ባልለማ ማሳ ላይ መመረቱ መረጋገጥ አለበት፤ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛም በካርታ መጠቆሚያ ቁጥር መቅረብ አለበት። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ መራዘሙ ግን መዘጋጃ ጊዜ እንጂ ዕረፍት አይደለም። ጌዴኦ በዚህ ጉዳይ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ቡናውን ከእንሰትና ከዛፍ ጥላ ጋር አብሮ የሚያኖረው መልክዓ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገዢው የሚጠይቀው ግን የማሳዎቹን መረጃ ነው። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የቦታ ነጥብ ይበቃል፤ የእናንተ ማሳ አብዛኛው ከዚህ በታች ነው፤ ስለዚህ ሥራው የማይቻል አይደለም። ኮሚቴው አሁን መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው፦ ከአባሎቻችን የስንቱ ማሳ ተመዝግቧል? መዝገቡ የተያዘው በማን እጅ ነው፤ በማኅበሩ፣ በዩኒየኑ ወይስ በገዢው ድርጅት? ገዢ ብንቀይር መረጃው ከእኛ ጋር ይቀራል? ከአባል ውጭ የተገዛ እሸት ተቀላቅሎ ቢገኝ መላው ጭነት ተመላሽ ሊሆን እንደሚችል የሚዛን ሠራተኛው ተነግሮታል? እነዚህ አራቱ የሚቀጥለው ስብሰባችሁ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሁኑ፤ መልሳቸውም የዘንድሮው ብድር ሳይፈረም በጽሑፍ ይቅረብላችሁ።